አጅሬ ምከታ ሲለማመድብኝ

ይኼን ሕልም ያየሁት ትናንት ነው፤ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሳሎን ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልኩ። ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሕልም ፈቺ አያስፈልገኝም። ጠዋቱን ሙሉ ጌም ቤት ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ብቻ ስለማመድ ነበር፤ ምከታ።

በምንጫወተው የድብድብ ጌም፣ ቁልፍ ተጭኖ ቡጢ መከላከል ማንም ይችላል። ግን እየተከላከሉም ትንሽ ትንሽ ይጎዳሉ። ቡጢው ሊያርፍ ሲል፣ ልክ በዚያች ቅጽበት ቁልፉን የነካ ሰው ግን ምንም አይሆንም፤ ሰማያዊ ብልጭታ ይወጣና የመታው ራሱ ይንገዳገዳል። ቅጽበቷ ዓይን ከመርገብገብ ታንሳለች። የእኔ ችግር መዘግየት አይደለም፤ እቀድማለሁ። ለመለማመጃ የሚቆምልኝ ተደባዳቢ ራሰ በራ ነው፤ ቀይ ሱሪ ለብሷል። ስም ስለሌለው አጅሬ እለዋለሁ። ያንኑ አንድ ቡጢ በየሁለት ሰከንዱ ሲሰነዝርልኝ ይውላል። አይናገርም፣ አይደክመውም፣ አይቀየመኝም።

እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

በሕልሜ አዳማ ነኝ። አስፋልቱ ላይ ላብ ያጠመቀው ጎልማሳ ባጃጅ አዝሎ ይሮጣል፤ «ፖስታ ቤት! ፖስታ ቤት! አንድ ባጃጅ የቀረው!» እያለ ይጣራል። ባጃጇ ጀርባው ላይ ሆና «ወራጅ አለ!» ትለዋለች። ጉድጓዶቹ ሰው እንዳይወድቅባቸው ዳር ዳሩን ይዘው ይሄዳሉ። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ዳቦዎች ተሰልፈው «ዛሬ ሰው አለ እንዴ?» ይጠያየቃሉ። ማንንም አልገረመውም፤ እኔንም አልገረመኝም። ቸኩዬ ነበር። ለምን እንደቸኮልኩ አላውቅም። ነቅቼም ቢሆን ብዙ ጊዜ አላውቅም።

ዣንጥላ የያዙ አንድ ወይዘሮ ከፊቴ ቆም አሉና «እንደምን...» ሲሉ «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» ብዬ አለፍኩ። ወይዘሮዋ ጥፊ እንደቀመሰ ሰው ተንገዳግደው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አሉ።

ፊሽካ ተነፋ። የነፋችው አህያ ናት፤ የትራፊክ ፖሊስ ነጭ ኮፍያ አድርጋለች።

«ሳይጨርሱ መለስሽላቸው» አለችኝ።

«ምን ሊሉ እንደሆነ አውቀዋለሁ እኮ!»

«ማወቅሽ ነው ጥፋቱ። እትዬ፣ ስንት ይቀርዎት ነበር?»

«"ዋልሽ" ይቀረኝ ነበር» አሉ ወይዘሮዋ፣ ዣንጥላቸውን ተደግፈው ለመነሳት እየሞከሩ። «ሙሉውን "ዋልሽ"!»

አህያዋ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። «ዘግይተሽ ቢሆን መክሬ እለቅሽ ነበር። ለቀዳሚ ግን ይቅርታ የለም። ነይ፣ ከኋላዬ።»

ጥጉን ስንታጠፍ ጌም ቤቱ ደረስን። እሷ በበሩ ገባች። እኔ ራሴን ያገኘሁት ስክሪኑ ውስጥ ነው።

ከመስታወቱ ወዲያ ጌም ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። በየፕላስቲክ ወንበሩ የተቀመጡት የጌሙ ተደባዳቢዎች ናቸው፤ አንዱ ጦሩን ግድግዳ አስደግፎ፣ አንዷ ክንፏን እንዳይረግጡባት ሰብስባ። ልክ ከፊቴ አጅሬ ተቀምጧል። ቀይ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተልጧል። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ቆሎ ይቆረጥማል።

«መጣሽ?» አለኝ። ድምፁ ቀጭን ነበር።

«አንተ ታወራለህ እንዴ?»

«ፋታ ስትሰጪኝ አይደል? ጠዋቱን ሙሉ "በለኝ እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ!" ስትይ ዋልሽ። እኔ ስመታሽ ዋልኩ። ደንቆሮው ማነው?»

ወንበሮቹ ሁሉ ሳቁ። መልስ ሳዘጋጅ አህያዋ አንድ ወረቀት ስክሪኑ ላይ ለጠፈች። «ቋሚ የሥራ ውል» ይላል። «የሥራ መደብ፦ መለማመጃ። የሥራ ዘመን፦ እስከ ዕለተ ሞት፤ ከዚያም በኋላ እንደ አስፈላጊነቱ።» በውኃ ምሕንድስና ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ቋሚ ሥራ ሲቀርብልኝ ይኼ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ አልዋሽም፣ ትንሽ አሰብኩበት።

«ስሚ» አለች አህያዋ። «አጅሬ አስር ቡጢ በተከታታይ ልክ በሰዓቱ ከመከተ ነፃ ነሽ። አንዱን ከሳተ ከአንድ ይጀመራል። ጌም ቤቱ እስኪዘጋ አስር ካልሞላ ውሉ ራሱን በራሱ ይፈርማል። አፍሽንም እንወስዳለን።»

«አፌን ለምን?»

«መለማመጃ አፍ ምን ያደርግለታል?»

ቀኝ እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ተነስቶ ቡጢ ሰነዘረ። ከሁለት ሰከንድ በኋላ ደገመ። ከሁለት ሰከንድ በኋላ ደገመ። አጅሬ ቁልፉን ይነካል፤ ቡጢዬ አገጩ ላይ ያርፋል፤ ቆሎው ይበተናል።

«ቀደምክ!» አልኩት።

«ይመጣል ብዬ ሳስብ ጣቴ ይቀድመኛል።»

«ቀደምክ! አሁንም ቀደምክ! ምን ያጣድፍሃል? የሚያባርርህ አለ?»

ይኼ እናቴ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስትለኝ የኖረችው ነው። ከገዛ አፌ ሲወጣ ስሰማው ደነገጥኩ።

«ታዲያ አንቺ ባለሙያዋ አስተምሪኛ» አለ አጅሬ፣ አገጩን እያሸ።

እጄ እየተሰነዘረ ማስተማር ጀመርኩ። «ቡጢውን አትይ፤ ቡጢ ያታልላል። ትከሻዬን እይ። ትከሻዬ ሲነሳ አንድ በል፤ ክንዴ ሲዘረጋ ሁለት፤ ሦስት ላይ ንካ።»

«ሦስት እስኪደርስ ምን ልሥራ?»

«ምንም!»

«ምንም አለመሥራት ከባድ ነው።»

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ?»

ሁለት መከተ፤ ሦስተኛውን ቀደመ። አራት መከተ፤ አምስተኛውን ቀደመ። ከበስተኋላ አንዳንዶቹ ወጥተው አህያዋ ባዶ ወንበሮቻቸውን መደራረብ ጀመረች። የታችኛው ከንፈሬ ደነዘዘኝ፤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ የተወጋሁ ያህል። አሁን ነገሩ ሕልም መምሰሉ ቀረ።

«ቆሎውን ተጠቀምበት!» አልኩት። «ትከሻዬ ሲነሳ አንዷን ፍሬ አፍህ ውስጥ ጣል። ቀጭ ስትል ንካ። ሳትሰብር እንዳትነካ!»

አጅሬ አንዷን ፍሬ ወረወረ። ቀጭ። ሰማያዊ ብልጭታ። እኔ ተንገዳገድኩ፤ በሕይወቴ መንገዳገድ እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም። ቀጭ። ብልጭታ። ቀጭ። ወንበሮቹ መቁጠር ጀመሩ፤ «አራት! አምስት!» ባለክንፏ ተነስታ ቆመች። ሰባት ላይ የላይኛው ከንፈሬ ሄደ። ስምንት ላይ ምላሴን ፈለግኩት፤ የለም። አህያዋ ሶኬቶቹን ነቃቅላ መጋረጃውን ይዛለች።

ዘጠኝ።

አጅሬ እጁን ወደ ቆሎው ሰደደና ባዶ እጁን አወጣ። «አልቋል» አለኝ። «አለቀ እኮ! አሁን በምን ልቁጠር?»

ልመልስለት አልቻልኩም። አፍ የለኝም። ልለው የፈለግኩት ግን «አትቁጠር፤ ጠብቅ» የሚል ነበር። ትከሻዬ ሲነሳ ተሰማኝ። አጅሬን ዓይን ዓይኑን አየሁት። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ተንሳፍፎ ቀረ፤ አልወረደም። ክንዴ ተዘረጋ። ጠበቀ። ቡጢዬ መስታወቱን አልፎ ወጣ። አሁንም ጠበቀ። ያን ራሰ በራ በዚያች ቅጽበት የወደድኩትን ያህል የወደድኩት ሰው የለም። አውራ ጣቱ ወረደ...

ጧ!

ቡጢዬ ያረፈው የሰው ጉንጭ ላይ ነው። ነቃሁ።

ሶፋው ላይ ነኝ። ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ በሕይወቴ አይቻቸው የማላውቅ አዛውንት ሊቀሰቅሱኝ ከላዬ ጎንበስ እንዳሉ ጉንጫቸውን ይዘዋል። ከኋላቸው ሁለት ሌሎች፣ እነሱም በጋቢ፣ ወንበር ሞልቶ ሳለ ቆመዋል። አባቴ ሠርግ ካልሆነ የማይለብሰውን ኮት ለብሷል። እናቴ ባዶ ሰሃን ይዛ በር ላይ ደርቃለች።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች። «ሐመልማል!»

«እነማን ናቸው?» አልኩ። አፌ በመኖሩ ደስ አለኝ።

 መልስ ግን አላስፈለገኝም። ወንበር ቀርቦላቸው ካልተቀመጡ፣ ቆመው መልስ ከጠበቁ፣ ምን ሊጠይቁ እንደመጡ የታወቀ ነው።

«አልነገርኩሽም» አለ አባቴ ወደ ኮርኒሱ እያየ። «ብነግርሽ ትጠፊያለሽ ብዬ።»

«የማን ልጅ ነው? እኔ መቼ...»

«ዝም በይ፣ ሰው ፊት!» አለች እናቴ። «ይቅርታ አባባ፣ በስመአብ፣ እንቅልፍ ላይ ሆና እኮ ነው!»

አዛውንቱ ቀና አሉ። ጉንጫቸው ቀልቷል። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ተያዩ፣ ከዚያ ለአባቴ እጅ ነሱ።

«ግድ የለም፣ ግድ የለም» አሉ። «ደንብ የምታውቅ ልጅ ናት። መቼም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ለሚቀጥለው እሑድ እንመለሳለን።»