አባ ቢያልቅስና የኤሊዋ ባትሪ

በዚህ ምድር ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ መብራት ሲጠፋ ሻማ የሚፈልግና ሻማውን ይዞ መብራቱ እስኪጠፋ የሚጠብቅ። ሁለተኛው ዓይነት የሌለበት ሰፈር የለም። ጃንጥላ ቢያበድሯችሁ በብብታቸው ሌላ ጃንጥላ አለ። መነጽራቸው ቢሰበር ኪሳቸው ውስጥ ሌላ አለ፤ ያም ቢሰበር ተብሎ ደግሞ አንዱ በሚስታቸው ቦርሳ ተቀምጧል።

በአንድ የፍሳሽ ቧንቧ መርማሪዎች ቡድን ውስጥም እንዲህ ያሉ ዕቃ ጠባቂ አሉ፤ ባልደረቦቻቸው በሙሉ ማዕረጋቸው ይጠሯቸዋል፤ ክቡር አባ ቢያልቅስ። ስሙ የወጣላቸው ከአፋቸው ከማይጠፋው ጥያቄ ነው። ጓንት ስጧቸው፣ ሳሙና ስጧቸው፣ ገመድ ስጧቸው፤ መልሱ አንድ ነው። «ጥሩ ነው፤ ቢያልቅስ?» አዲስ ሰው ስማቸውን ሲሰማ «ቢያለቅስ» የተባለ እየመሰለው «ማን አስለቅሷቸው ነው?» ይላል። ሾፌሩ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። «እሳቸው መች ያለቅሳሉ! እኛን ነው እንጂ የሚያስለቅሱን።»

የቡድኑ አለቃ ታጋሽ ሴት ናት። ሥራዋ ኤሊዋን ማሰማራት ነው። ኤሊዋ ጎማና ካሜራ ያላት፣ ግንባሯ ላይ መብራት የሚበራላት፣ በቧንቧ ውስጥ እየዳኸች ስንጥቁን ለአለቃዋ በስክሪን የምታሳይ ትንሽ ማሽን ናት። ከኋላዋ በምትጎትተው ገመድ ኤሌክትሪክ ካልመጣላት ግን ከድንጋይ አትሻልም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የምትሠራው በመኪናው ኃይል ነበር። ቧንቧ ደግሞ ልማዱ ሆኖ መኪና በማይገባበት ጠባብ ቅያስ ውስጥ ነው የሚሰበረው። እናም በእጅ የሚንቀሳቀስ የኃይል ምንጭ መምረጥ ግድ ሆነ።

ሻጩ ሁለት ዕቃ ይዞ መጣ፤ ትንሽ ጄኔሬተርና ሻንጣ የሚያህል ባለእጀታ ባትሪ።

«ይኼ ጄኔሬተር አያሳፍራችሁም» አለ።

«ነዳጁ ቢያልቅስ?» አሉ አባ ቢያልቅስ።

«ትሞሉታላችኋ፣ ጋሼ።»

«የምንሞላው ቢያልቅስ?»

ጄኔሬተሩ ሲነሣ ግቢው ሁሉ ጆሮውን ያዘ፤ በስክሪኑ ላይ ያለውም ምስል ብርድ እንደ መታው ሰው ተንቀጠቀጠ። ስለዚህ እሱ ቀረ።

«እንግዲያው ባትሪውን ውሰዱ። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፤ ቀኑን ሙሉ ያሠራችኋል።»

«ማታስ?»

«ማታ ትሠራላችሁ እንዴ?»

«አንሠራም። ግን ቢያልቅስ?»

ሻጩ አለቃዋን በዓይኑ ተማጠናት። ለመገላገል ያህል፣ አባ ቢያልቅስ ባትሪውን ለሙከራ ወደ ቤታቸው እንዲወስዱት ተስማሙ። ወሰዱትና የቤታቸውን ማቀዝቀዣ ሰኩበት፤ ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ፣ ሲያልቅ በዓይናቸው ሊያዩት። በማግስቱ ባለቤታቸው ለአለቃዋ ደወሉ።

«ልጄ፣ እኔ ስታመም እንኳ እንዲህ አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም! በይ ግዙትና ከቤቴ ይውጣልኝ።»

ባትሪው ተገዛ።

የመጀመሪያ ሥራው የአንዲት እማማ ግቢ ሆነ። ከግቢው ሥር የሚያልፈው ቧንቧ ፈንድቶ ቤታቸው ሊጥለቀለቅ ደርሷል። ቆፋሪዎቹ ዶማና አካፋቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ኤሊዋ የተሰበረበትን ቦታ ለይታ ካላሳየች ከበሩ እስከ ጓሮው ግድግዳ ድረስ ሊቆፍሩ ነው። ከመሐል ደግሞ የሎሚ ዛፍ አለች።

«ሟቹ ባለቤቴ የተከላት ናት» አሉ እማማ ለአለቃዋ። «እሱ ካረፈ ወዲህ የምጨቃጨቀው ከሷ ጋር ነው። እንዳትነኩብኝ!»

በዚህ መሐል አባ ቢያልቅስ በቅያሱ ብቅ አሉ፤ የልጅ ልጃቸውን ጋሪ እየገፉ፣ ጋሪውን በብርድ ልብስ ሸፍነው።

«ጋሼ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎት!» አለ ሾፌሩ። «ወንድ ነው ሴት?»

«መንታ ናቸው» አሉ ኮራ ብለው፤ የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አደረጉ። አንዱ አዲሱ ባትሪ ነው። ሌላው የከባድ መኪና አሮጌ ባትሪ፣ ኃይሉን ወደ ቤት ኤሌክትሪክ ከሚቀይርለት ከነኢንቨርተሩ።

«አሮጌው ደግሞ ለምን መጣ?» አለች አለቃዋ።

«አዲሱ ቢያልቅስ?»

«ሙሉ ነው ብለውኝ የለም እንዴ?»

«ትናንት ማታ ሙሉ ነበር። ግን ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ...»

«ይሁን፣ ይሁን፤ ማልቀሱን ይተዉት።»

አባ ቢያልቅስ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አስገብተው የኤሊዋን ገመድ አዲሱ ላይ ሰኩ፤ ፀሐይ እንዳያገኛቸውም መንታዎቹን መልሰው ሸፈኑ። ኤሊዋ ወደ ቧንቧው ገባች። በሩን አለፈች። ከሎሚዋ ሥር ደረሰች። አለቃዋ ትንፋሿን ውጣ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠች፣ ድርግም! ሁሉም ነገር ጠቆረ።

«እንግዲህ እንጀምር?» አለ ከቆፋሪዎቹ አንዱ፣ ዶማውን እያነሣ።

እማማ ሄደው ዛፏን ተደግፈው ቆሙ። «ከኔ ጀምር!»

አለቃዋ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። አዲሱ ባትሪ ባዶ ነው። ከጎኑ የወጣ ሽቦ በቻርጀር አልፎ አሮጌው ላይ ተሰክቷል።

«ጋሼ... ይኼ ሽቦ ምንድን ነው?»

አባ ቢያልቅስ አንገታቸውን ደፉ። «አሮጌው ባዶ ነበር። መጠባበቂያ ባዶውን ምን ይሠራል ብዬ... ከአዲሱ እየሞላሁት ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከንጋት።»

ሾፌሩ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ቢያልቅስ፣ ቢያልቅስ እያሉ እኮ ጨረሱት!»

ቆፋሪዎቹ ሳቁ፤ እማማም ዛፏን እንደ ያዙ ሳቁ። አባ ቢያልቅስ ግን ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ ፊታቸው ላይ የሆነ ብርሃን ይወጣ ጀመር።

«ግን አለቀ» አሉ። «አያችሁ? አለቀ እኮ! አሮጌው ደግሞ ሙሉ ነው!»

ዕድሜ ልካቸውን የጠየቁት ጥያቄ ዛሬ መልስ አገኘ። ጎንበስ ብለው የኤሊዋን ገመድ ወደ ኢንቨርተሩ አዞሩት። ስክሪኑ በራ። ኤሊዋ ካቆመችበት ዳኸች፤ ከሎሚዋ አልፋ፣ ከጓሮው ግድግዳ ሥር የተሰነጠቀውን ቧንቧ ወለል አድርጋ አሳየች።

«እዚህ ጋ ብቻ ቆፍሩ» አለች አለቃዋ። «ተመስገን! ዛፏን ማንም አይነካትም።»

እማማ እጆቻቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። አባ ቢያልቅስ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ሲጠርጉ ግን ሾፌሩ አየባቸው።

«ኧረ እዩልኝ! ስማቸው እውነት ሆነ፤ አለቀሱ!»

ሥራው ሲያልቅ እማማ ባትሪዎቹን ከጋሪው አስወጥተው ሾፌሩን አሸከሙት፤ ጋሪውንም በሎሚ ሞሉት። አባ ቢያልቅስ የሎሚውን ክምር አዩና አፋቸው እንደ ልማዱ ተከፈተ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ። ቢያልቅስ?»

«ዛፏ አለች አይደል፣ ልጄ? ሲያልቅ ትመጣለህ!»

ክቡርነታቸው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ሳይጨምሩ ጋሪውን ወደ መኪናው ገፉ።

ሲመለሱ አለቃዋ ከፊት ወንበር ዘወር ብላ አየቻቸው፤ ጋሪውን በጉልበታቸው መሐል አቅፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በመኪናው ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ አምፖል፣ ለእያንዳንዱ ብሎን ተለዋጭ ይዘውለታል። ተለዋጭ የሌላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህ ትዝ ሲላት ቃሉ ሳታስበው ከአፏ አመለጠ።

«ቢያልቅስ?»

አባ ቢያልቅስ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምኑ?»

«ሎሚው» አለች ቶሎ ብላ።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አሉ፣ ዓይናቸውን መልሰው እየከደኑ። «ዛፏ አለች።»