በጋሽ ደምሴ አውራ ጣት ሥር

እኔ ከዚያ እሑድ ወዲህ ሰው የድሮ ፎቶ ሲያወጣልኝ ልቤ ድንግጥ ይላል። የሰርግ አልበም እንኳ አላይም። «ያኔ ቀጭን ሳለሁ እየኝማ» ሲሉኝ ዓይኔን ጣሪያ ላይ እሰቅላለሁ። ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ የደረሰበት ያውቀዋል።

አጎቴ ጋሽ ደምሴ በወጣትነታቸው ከመንዝ ተነስተው ምጽዋ ወደብ ወርደው ሠርተዋል። በየሁለት ዓመቱ ለፋሲካ እየመጡ ሚስታቸውን እትዬ ብርቄን አይተው ይመለሱ ነበር። ጦርነቱ ሲበረታ ጠቅልለው ወደ መንደራችን ቀየት ገቡ። ይዘው የመጡት አንድ ሻንጣና ሦስት ፎቶ ነው። ሦስቱም የጀልባ ፎቶ ነው፤ ሸራ ተወጥሮባቸው በነፋስ የሚሄዱ ጀልባዎች። «ሦስቱም የኔ ነበሩ» ይላሉ ጋሽ ደምሴ።

እስቲ ፍረዱ። ቀየት ላይ ቆሞ፣ ገብስና በግ እያየ፣ ውርጭ ጆሮውን እየቆነጠጠው ይህን የሚያምን ማን ነው? ይባስ ብሎ መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ሰላም ሲሆን አንድ ፎቶ አንሺ በየቅዳሜው ገበያ መምጣት ጀመረ። ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ትልቅ አቡጀዲ አለው። አቡጀዲው ላይ ሰማያዊ ባሕር፣ ባሕሩ ላይ ባለ ነጭ ሸራ ጀልባ ተሥሏል። የቀየት ሰው አንድ ሳይቀር እዚያ ፊት ቆሞ ተነሳ። ሙሽሮች ተነሱ። የሰፈራችን ቄስ መምሬ ወልዴ መስቀላቸውን ይዘው፣ ጀልባዋን ከኋላቸው አድርገው ተነሱ። ሙክቱን ይዞ የተነሳም አለ። እንግዲህ ጋሽ ደምሴ ፎቷቸውን ሲያወጡ ሰው ምን ይበል? «እኔም አለኝ» ይላል።

ታሪካቸውስ ቢሆን! የመጀመሪያዋን ጀልባ የገዙ ዕለት እንደ በቅሎ አሳጥረው ከወደቡ ግንድ ጋር አሰሯት። በማግስቱ ሲመጡ ባሕሩ ወርዷል፤ ጀልባዋ እንደሚገፈፍ በግ በገመዷ ተንጠልጥላለች። ይህን ሲያወሩ ሰው ይጠይቃቸዋል። ባሕር ይወርዳል? ወዴት ነው የሚወርደው? ሁለተኛዋን ደግሞ እዚያው ባሕሩ ውስጥ ትል በላት ይላሉ። ጨው ውስጥ ትል! ጨው እኮ ትል እንዳይነካው ተብሎ ሥጋ ላይ የሚነሰነስ ነው። ሰው ቢስቅ ምን ይፈረድበታል? ሦስተኛዋ ግን የልብ ነበረች። ስለሷ ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀንሳል።

ፎቶዎቹን ዳዊታቸው ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። ለማንም አያስይዙም፤ ራሳቸው ይዘው ነው የሚያሳዩት። ሲያሳዩም አውራ ጣታቸው ፎቶው ላይ እንደተጫነ ነው። እኔ የእርጅና አያያዝ ይመስለኝ ነበር።

በሳቅ ቢቀር ምን ነበረበት? ግን አልቀረም። ጋሽ ደምሴ የአገር ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ወንድማማቾች በወሰን ተጣልተው እርቅ ላይ ሲቀመጡ ታናሽየው ተነሳና እሳቸው ይነሱልኝ አለ። ሦስት ጀልባ ነበረኝ የሚል ሰው የወሰኑ ድንጋይ እዚህ ጋ ነበር ቢል እንዴት ይታመናል አለ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች መሬት መሬቱን አዩ። ከምጽዋ ምስክር እንዳይጠራ ምጽዋ ሌላ አገር ሆናለች። መምሬ ወልዴም ለጊዜው ቢቆዩ ይሻላል አሉ።

ጋሽ ደምሴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰው ጋር መዋል ተዉ። እህልም ቀነሱ። ቃሉ ያልታመነለት ሽማግሌ ምን ቀረው? እኔን በጣም አናደደኝ።

እትዬ ብርቄ ደግሞ የራሳቸው ሐዘን ነበራቸው፤ ባናቸው። ባና መቼም ታውቃላችሁ፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራው የመንዝ ብርድ ልብስ ነው። ጋሽ ደምሴ መጀመሪያ ሲሄዱ እትዬ ብርቄ ክረምቱን ሙሉ ፈትለው፣ በወንድማቸው አሸምነው፣ ባሕር ነፋስ አለው ብለው አስይዘዋቸው ነበር። ለምጽዋ! ሰው እርቃኑን ማደር ለሚያምረው አገር! ጥቁር ነው፤ ሦስት ነጭ መስመር አለው፤ ነጩ ጠጉር ስላለቀባቸው ሦስተኛው መስመር መሐል ላይ ይቋረጣል። ጋሽ ደምሴ ያለ ባናው ሲመለሱ ሌባ ወሰደው አሉ።

ከዚያ ወዲህ ውርጭ በወረደ ቁጥር እትዬ ብርቄ እጃቸውን ዘርግተው «ባናዬን ያጠፋብኝ፣ ብርድ ከአጥንቱ አይውጣ» ይላሉ። ከምድጃው ማዶ ጋሽ ደምሴ «አሜን» ይላሉ። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ብርድ አይችሉም። በጠራራ ፀሐይ ሁለት ጋቢ ይደርባሉ። እኛ ቆላ ስለለመዱ ነው እንል ነበር።

እኔ ሳይቸግረኝ ጤፍ ተበደርኩ። አስተማሪ ነኝና ማስረጃ የሚባል ነገር እወዳለሁ። ጋሽ ደምሴ ማሳ ወርደው ሳሉ የሦስተኛዋን ጀልባ ፎቶ ከዳዊቱ መዝዤ ለፎቶ አንሺው አሳድግልኝ ብዬ ሰጠሁት። ደብረ ብርሃን ወስዶ በሁለተኛው ቅዳሜ የትሪ ያህል አድርጎ አመጣልኝ። ሳየው ክው አልኩ። ጋሽ ደምሴ ጎረምሳ ሆነው፣ ገመድ ይዘው፣ ባሕሩ መሐል! ውኃው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው አርሶታል። አቡጀዲ የማንን ሱሪ አርሶ ያውቃል? ሸራው ላይ አንድ ጥቁር እራፊ ተጥፏል፤ እኔ ግን ያየሁት ውኃውን ብቻ ነው። ደስታም ያሳውራል።

እሑድ ጋሽ ደምሴን ለምኜ ከቤት አወጣኋቸው፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ሰው ተሰብስቦ ጠላ ሲቀዳ ተነሳሁና ፎቶውን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ንግግርም ጀምሬ ነበር። መምሬ ወልዴ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። ሱሪው ርሷል አሉ፤ ይህ ሥዕል አይደለም አሉ። ሰዉ ሁሉ አፉን ያዘ። ጋሽ ደምሴ እሰይ ይሉኛል፣ ይመርቁኛል ብዬ ዞር አልኩ። ፊታቸው አመድ መስሏል። አውራ ጣታቸው አየር ላይ ቀርቷል፤ የሚሸፍነውን ያጣ ጣት።

እትዬ ብርቄ ከሴቶቹ መሐል ተነስተው መጡ። ባሕሩንም ጀልባዋንም አላዩም። ጣታቸውን እራፊው ላይ አሳረፉ። አንደኛውን ነጭ መስመር ተከተሉ። ሁለተኛውን ተከተሉ። ሦስተኛው መሐል ላይ ተቋረጠ፤ ጣታቸውም እዚያው ቆመ። ያኔ ነው እኔ ያደረግኩት የገባኝ።

እትዬ ብርቄ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ባላቸውን ከአንቱ በቀር ብለዋቸው አያውቁም።

«ደምሴ» አሉ፤ «አሜን ስትል የኖርከው በራስህ ላይ ነው?»

«ሸራው መሐል ባሕር ላይ ተቀደደ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ባናሽ ባይኖር ሬሳዬም አይገኝም ነበር። ባሕሩን አልፈራሁትም። ቆረጥኩት ብዬ ላንቺ መንገር ግን ፈራሁ።»

እትዬ ብርቄ ተቀመጡና አለቀሱ። ይህን ብትነግረኝ እኮ ሌላ እፈትልልህ ነበር አሉ። ብርዱን ግን በገዛ አፋቸው በባላቸው አጥንት ውስጥ ማስገባታቸው ነበር ያንገበገባቸው።

በወሰን የተጣላው ታናሽ ወንድም ግን ዝም አላለም። ይኸው ሌባ ወሰደው ብለው መዋሸታቸው ተገኘ፣ እንዲያውም ባሰ አለ። ለካ አጎቴ እውነተኛ መሆናቸው የተመሰከረው ውሸታቸው በተያዘበት ፎቶ ነው! ሁሉም መምሬ ወልዴን አየ። መምሬ ፎቶውን አይተው፣ የጋሽ ደምሴን ሁለት ጋቢ አይተው፣ ፈረዱ።

«በራሱ ላይ ይህን ሁሉ ዘመን አሜን ያለ ሰው፣ በሰው ላይ አያዳላም።»

ጋሽ ደምሴ ወደ ሽምግልናቸው ተመለሱ። እትዬ ብርቄም ቤተ ክርስቲያን ሄደው እርግማኑን አነሱ። ትልቁን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ እንግዳ ሲመጣ ይቺን ጀልባ ያዳንኳት እኔ ነኝ ይላሉ። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ምን አለበት!

ብርዱ አልወጣም። እርግማኑ ተነስቶም ጋሽ ደምሴ አሁንም ሁለት ጋቢ ነው የሚደርቡት። እትዬ ብርቄ ይህን ሲያዩ ቆዩ፣ ሌላም የደበቀኝ ነገር ቢኖር ነው ብለው አሰቡ፣ ከዚያ ባለፈው ዓርብ ቤቴ መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ፎቶ ፈትተው ሰጡኝ፤ የሁለተኛዋ ጀልባ ነው። ይህችንም አሳድግልኝ አሉኝ። ጋሽ ደምሴ ይህችንም ሲያሳዩ አውራ ጣታቸው ጥጓ ላይ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ላብ አጠመቀኝ።

ፎቶ አንሺው አገር ለቆ ሄዷል አልኳቸው። በማግስቱ ቅዳሜ ነው፤ ሰውየው አቡጀዲውን ገበያ መሐል ሊሰቅል ነው። እትዬ ብርቄ ትኩር ብለው አዩኝ፤ ፎቷቸውን መልሰው ቋጠሩ፤ እጃቸውን ዘረጉ።

«ዋሽተኸኝ እንደሆነ ብርዱ ወዳንተ ይዙር» አሉኝ።

ምን ልበል? አሜን አልኩ። ይኸው በጠራራ ፀሐይ ሁለት ጋቢ ደርቤ የማወራችሁ ለዚህ ነው።