ትንሽ ነዘር ታደርጋለች

በየቤታችን ከሰው ይልቅ ሽቦ የተከበረ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ብሬከር የሚጠብቀው እኔን ይመስለኝ ነበር። ለካስ ጭንቀቱ ሁሉ ሽቦው እንዳይግል፣ ሽቦው እንዳይቃጠል ነው! ሰውየው ቧንቧ ጨብጦ ሲንዘፈዘፍ ብሬከሩ ምን ቸገረው? ሽቦው እንደሆነ ደህና ነው።

ከጳውሎስ ወደ ላይ፣ ቁስቋም ሳይደርሱ የተከራየነው ቤት ሻወር አለው። ሻወሩ ውሃ ማሞቂያ አለው። ማሞቂያው ደግሞ አመል አለው፤ እሱ በርቶ ቧንቧውን የነካ ሰው ይነዘራል። አከራያችን ጋሽ ወልዱ፣ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የሚሸጡ ጨዋ ሰው፣ ቤቱን ያሳዩን ዕለት ይህን አልደበቁንም። «ትንሽ ነዘር ታደርጋለች» አሉና በሩ ሥር የተቀመጠውን የላስቲክ ነጠላ ጫማ በአገጫቸው ጠቆሙን። ነዘር! ቃሏን እዩልኝ እስቲ። ሰው የሚገድል ነገር እንዲህ ይቆላመጣል? እኛም ለመድነው። እንግዳ ሲመጣ ከፎጣው በፊት ነጠላ ጫማውን እናቀብላለን።

ባለቤቴ ትዕግስት እስክታረግዝ ድረስ ነው ታዲያ። አንድ ቀን ጠዋት በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ፣ ሌላኛውን እያራገፈች ከሻወር ወጣች። ምን ሆንሽ ብላት፣ ምንም፣ ነዘር አድርጎኝ ነው አለችኝ። እሷም! ደሜ ፈላ። ልጅ ነጠላ ጫማ አድርጎ አይወለድ! እዚያው ቧንቧ ሥር ሊታጠብ ነው እኮ።

ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። አርሲዲ የሚሉት ዕቃ አለ። በአንዱ ሽቦ የሄደው ኮረንቲ በሌላው ሞልቶ ካልተመለሰ፣ የጎደለው በሰው ገላ አልፎ እንዳይሆን ጠርጥሮ መብራቱን በቅጽበት ድርግም የሚያደርግ። ሠላሳ ሚሊአምፒር የተጻፈበት ለሰው ነው፤ ሦስት መቶ የተጻፈበት ለቃጠሎ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ንቃቱ ይበረታል ማለት ነው።

ይህን ዕውቀት ታጥቄ ጳውሎስ አካባቢ ወደሚገኝ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ዘለቅሁ። ሻጩ ሦስት መቶውን አወጣልኝ። ሠላሳውን ነው ስለው በሐዘኔታ አየኝ። ሠላሳው ለዘመድ እንደማይሰጥ፣ በትንሽ በትልቁ እንደሚያጠፋ፣ ይሄኛው ግን ምንም ቢመጣ ንቅንቅ እንደማይል አስረዳኝ። ስሙት እንግዲህ! ዘበኛ «ሌባ ቢገባም አይነቃም» ተብሎ ይመሰገናል? ሌላው ገዢ እስኪታዘበኝ ተጨቃጭቄ ሠላሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ቆጣሪያችን አንድ ነውና ለጋሽ ወልዱም ነገሩን ማስረዳት ነበረብኝ። ጋሼ፣ ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ነው የሚሻለው እያልኩ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ገጠመልን።

ማሞቂያው ሲበራ፣ ቀጭ! ግቢው በሙሉ መብራት የለም። መልሰን አበራን፤ ቀጭ! እኔማ ጮቤ ረገጥኩ፤ ዕቃው ሥራውን እየሠራ ነዋ! በሉ እንግዲህ ማሞቂያው ይጠገን አልኩ። ጋሽ ወልዱ ግን አልተዋጠላቸውም። ማሞቂያው ስንት ዓመት ያገለገለ፣ አንድ ቀን እንኳ መብራት አጥፍቶ የማያውቅ ነው፤ የተበላሸው ትናንት የመጣው ነው ብለው ፈረዱ። እኔና አርሲዲዬ ባንድ ላይ መጤ ሆነን ቀረን።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሁሉም በርቷል። ማሞቂያው በርቷል፤ የጋሽ ወልዱ ቴሌቪዥን ይጮኻል። እሳቸው በደስታ እጄን ይዘው ወደ ቆጣሪው ወሰዱኝ። ኤሌክትሪሺያኑን አስጠርተው ኖሯል፤ «ዳይሬክት አደረገልን» አሉኝ። ዳይሬክት ማለት፣ ለማታውቁት ዕድለኞች፣ ሽቦውን ከጠባቂው አስመልጦ በጎን ማሳለፍ ነው። አርሲዲዬ ለጌጥ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። መብራቱን ማጥፋት የሚገባትን መሞከሪያ ቁልፉን ተጫንኩ። መብራቱ ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ወልዱ ፊታቸው በራ፤ «አየህ? አሁንማ ሆን ብለህ ብትነካውም አያጠፋም!»

በዕድሜዬ ትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮኽኩ። ለሚወለደው ልጅ እንኳ አያስቡም ወይ አልኳቸው።

ጋሽ ወልዱ ደነገጡ፤ ቅር አላቸው። ስለ ልጁ ያላሰብኩ መሰለህ ብለው ቤታቸው ገቡና ፌስታል ይዘው ተመለሱ። ስከፍተው ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትረዝም፣ ቢጫ፣ ሚጢጢ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ናት።

ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ይሻላል ያልከኝ አንተው ነህ፤ ሽሮ ሜዳን አስሼ ከዚህ የሚያንስ ቁጥር አጣሁ አሉኝ።