የነብሩን በር የመለስኩ ቀን

ልጇን በደረቷ አቅፋ፣ የመኪና በር በጀርባዋ ተሸክማ ጦር ሰፈር ድረስ የሄደች ሴት አጋጥማችሁ ታውቃለች?

አሁን አጋጠመቻችሁ። እኔ ነኝ።

ዛሬ አንድ ወጣት የድሮ የጦር መኪና ፎቶ ፖስት አድርጎ አየሁ። በሩ ላይ ቢጫ ክብ፣ በክቡ ውስጥ የነብር ራስ። «የነገሌ ትዝታ፣ ዓርማው ሲያምር!» ይላል። ላይኩ ለጉድ ነው። እኔም ኮሜንት ልጽፍ ጀመርኩና ረዘመብኝ። የልጅ ልጄ አይታ፣ ይሄማ ራሱን የቻለ ፖስት ነው አለችኝ። ይኸው እንግዲህ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ነገሌ ቦረና ውስጥ፣ ከጦር ሰፈሩ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ሻይ ቤት ነበረችኝ። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ መስኮቷ የጦር መኪና በር!

አትሳቁ። ባለቤቴ የእህል መኪና ሹፌር ነበር። ሰፈሩ የተሰባበሩ መኪኖቹን በሐራጅ ሲሸጥ አንድ በር ገዝቶ ግድግዳው ውስጥ ገጠመልኝ። የመስታወቱ ማዞሪያ ይሠራል። ደንበኛ ሲመጣ መስታወቱን አወርዳለሁ፣ ሻይ አቀብላለሁ፣ አቧራ ሲነሳ እዘጋለሁ። በነገሌ እንደ እኔ ዘመናዊ ማን ነበር?

ከመስታወቱ በታች ያ ነብር አለ። ወታደሮቹ ሲያልፉ እየቀለዱ ሰላምታ ይሰጡት ነበር። እኔም እኮራ ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ወተት የምታመጣልኝ ሎኮ የምትባል የቦረና ሴት ነበረች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ በኦሮምኛ ታላቅ ሴት እንደምትጠራው አዴ ሎኮ ነበር የምላት። ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ሊበን ገጠር ነው። የወተት ዕቃዋ ላይ ሁለት ሰረዝና አንድ ቀለበት በጋለ ብረት ተተኩሷል። ላሞቿም ላይ ያው ነው። የጎሳዋ ምልክት ነው።

እኔ ያን ጊዜ ከአራስ ቤት ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ዓመቱ ድርቅ ነው። ጡቴ ደርቋል። ልጄ የምትኖረው በሎኮ ወተት ነበር።

አንድ ቀን ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ በአንድ የጦር መኪና ላይ ተተኮሰ ተባለ። ማን እንደተኮሰ የሚያውቅ የለም። በማግስቱ ባለነብሮቹ መኪኖች ወደ ሊበን ገጠር ወጡ።

ተኳሹን አላገኙም። ከብት አገኙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሎኮ ቀረች። ሌሎቹም ወተት ሻጮች ሻይ ቤቴ ጋ ሲደርሱ መንገድ ተሻግረው ማለፍ ጀመሩ። ለልጄ ስኳር በውኃ እየበጠበጥኩ ማጠጣት ጀመርኩ። ልቅሶዋ እየቀጠነ ሄደ። የሚጮህ ልጅ ያስፈራችኋል? ጩኸቱን የተወ ልጅ ስታዩ ይገባችኋል።

ሎኮን ገበያ ውስጥ ፈልጌ አገኘኋት። «አካም፣ አዴ ሎኮ? ናጋ?» አልኳት። ናጋ ሰላም ማለት ነው፤ ናጋ የተባለ ቦረና ሳይመልስ አያልፍም።

ፊቷን አዙራ መንገዷን ቀጠለች።

እጇን ይዤ ምን አደረግኩሽ ብዬ ስለምናት፣ «ላሞቼን የወሰዱት ያንቺ ምልክት ያላቸው መኪኖች ናቸው» አለችኝ። በሩን እንደ ብረት ገዛነው እንጂ ከነብሩ ጋር ዝምድና የለኝም ብዬ ማልኩላት።

«እኛ ዘንድ ምልክት አይሸጥም» አለች። «ምልክቱ ያለበት ሁሉ የአንድ ቤት ነው።»

እጇን አስለቅቃኝ ሄደች።

አሁን ብልህ ሴት ብትሆን ምን ታደርጋለች? ቀለሙን በቢላ ትፍቃለች፣ አለቀ። እኔ ግን ማታለል መሰለኝ። ነብሩ ለባለቤቱ ይመለስ፣ ላሞቹም ለባለቤታቸው ይመለሱ አልኩ። ፍርድ ማለት ይሄ አይደል? ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው፣ የሚከለክለኝ የለም። በሩን ከግድግዳው ነቅዬ በገመድ ጀርባዬ ላይ አሰርኩት።

ከተማው በሙሉ ቆሞ አየኝ።

የሰፈሩ ዘበኛ መጀመሪያ የሚያደርገው ጠፋው። ኋላ ሃምሳ አለቃውን ጠራ። ሃምሳ አለቃው የመንግሥት ንብረት ከየት ሰረቅሽ አለኝ። ገዝተን ነው፣ አሁን ግን አልፈልገውም፣ በሩን ውሰዱና የሎኮን ላሞች ስጡኝ አልኩት።

ሳቁ። እንዴት እንደሳቁ! አንዱማ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እኔ ግን ከኋላቸው ያለውን አጥር እያየሁ ነበር። የሽቦው አጥር ላይ የከብት ቆዳ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። አንዱ ቆዳ ላይ፣ ሁለት ሰረዝና አንድ ቀለበት።

ሃምሳ አለቃው ወዴት እንደማይ አየና ሳቁን አቆመ። «ላም የለም» አለኝ። «ከፈለግሽ ቆዳውን ውሰጂ።»

ማሾፉ ነበር።

ወሰድኩት።

በበሩ ምትክ ቆዳውን ጀርባዬ ላይ አሰርኩና ወደ ሊበን ገጠር በእግሬ ነካሁት። መንገዱን ሁሉ በልቤ ኮርቻለሁ። ማንም ያልደፈረውን ደፍሬ፣ የሎኮን ገንዘብ ለሎኮ አስመልሻለሁ! ትመርቀኛለች ብዬ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ሎኮ ደጇ ላይ ነበረች። ቆዳውን ከእግሯ ሥር አስቀምጬ ዘረጋሁላት።

ጎንበስ ብላ ምልክቱን በጣቷ ነካችው። ቀለበቱን ተከትላ ጣቷን አዞረች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሥጋውንስ በላሽ?»

አልጮኸችም። ውኃ ጠጣሽ ወይ እንደማለት ነው የጠየቀችኝ። ያኔ ነው ያደረግኩት የገባኝ። የነብሩ ቤት ሰው፣ የታረደች ላሟን ቆዳ ይዞ ደጇ ድረስ መጣ። ይኸው ነው ያየችው።

ልጄ ደረቴ ላይ ሲጥ አለች። የልጅ ድምፅ አይመስልም።

ሎኮ ጨርቁን ፈትታ ወሰደቻት። አገላበጠቻት። ማጅራቷን አየች፣ ክንዷን አየች፣ ጎኗን አየች፣ ከብት እንደሚታየው።

«እሷ ላይ ምልክት የለም» አለች።

ይዛት ገባች። ከተረፉላት ፍየሎች አንዷን አልባ አጠጣቻት። እኔን ተቀመጪ አላለችኝም። ውኃ እንኳ አልሰጠችኝም። በቦረና አገር ጠላትም ቢመጣ ይህ አይደረግም። በእኔ ላይ ተደረገ፣ አልተከራከርኩም።

ከዚያ ወዲያ ዝናቡ እስኪመጣ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እየሄድኩ ልጄን አቀብላታለሁ። ተቀብላኝ ትገባለች። ስትጠግብ አውጥታ ትሰጠኛለች። እኔ ደጅ ቆሜ ነው። ምድጃዋ አጠገብ ልጄን ስታጫውታት እሰማለሁ፣ ልጄም ስትስቅ እሰማለሁ። አንድም ቀን ግቢ አላለችኝም። የሻይ ቤቴ ግድግዳ ባዶ ሆኖ ነፋስ ሲገባበት ከረመ፣ እሷ ግን ያንን ልታይ አልመጣችም።

ልጄ ዛሬ ራሷ አያት ናት።

ፎቶውን ለለጠፈው ወጣት፦ እውነትህን ነው፣ ዓርማው ያምራል። ለእናንተ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ኮሜንት ላይ ሳታሽሞነሙኑ መልሱልኝ።

እናንተ ብትሆኑ፣ ግቢ ትሉኝ ነበር?