አንዱን እንግዳ ሦስት ያደረገው ቁልፍ

የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ይመስላልና አስቀድሜ ይቅርታ። የፊደል ስህተቴንም ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ባለፈች ልጅ አቅም እዩልኝ።

እኛ የጂንካ ሰዎች መልእክት በአንድ ሰው አንልክም። ቀይ አፈር ከተማ ላለች አክስት "እሁድ እንመጣለን" ለማለት ለአውቶቡሱ ረዳት እንነግራለን፤ ለአይሱዙው ሾፌር እንደግማለን፤ ገበያ ለምትሄድ ሴትም አደራ እንላለን። ሁለቱ ቢረሱ አንዱ ያደርሳል። እንዲህ ያደገ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ምን ይጠበቃል?

ታላቅ ወንድሜ ዮሴፍ ለእትዬ ብርቄ ፔንሲዮን ዌብሳይት ሠራ። የመጀመሪያ ሥራው ነበር። እትዬም "አንድ ቀን ካሳሳተኝ ወደ ደብተሬ እመለሳለሁ፤ ለከተማው ሁሉ እነግራለሁ" ብለውታል። እኔ በኮምፒውተር ሱቃችን ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ስለምማር አንዲት ሥራ ሰጠኝ። "ክፍል ያዙልኝ" የሚለው የዌብሳይቱ ቁልፍ፣ አለኝ፣ ብቻውን ቢነኩት ምንም አያደርግም። አድማጭ የሚባል የኮድ ትእዛዝ ይመደብለትና "ይህ ሲነካ ለእትዬ መልእክት ላክ" ተብሎ ይታዘዛል። የመመደቢያውን ኮድ ሌሎች ቀድመው ጽፈውልናል፤ የእኛ ድርሻ ጠርቶ ማዘዝ ነው። ይህን ብሎ ምሳ ሄደ።

አዘዝኩ። ግን ኮምፒውተሩ ሰምቶኝ ይሆን? ሰው መጠየቅ ደግሞ ያሳፍረኛል። ስለዚህ እንደ አገሬ ልማድ ሁለተኛ አድማጭ መደብኩ፤ ሦስተኛም ጨመርኩ። ለካ እዚያ ቤት የሚረሳ የለም! አዲሱ የፊተኛውን አይተካውም፤ ሦስቱም በየተራቸው፣ በፍጹም ታማኝነት ያደርሳሉ።

በማግስቱ ከወይጦ አንድ አስተማሪ ቁልፉን አንዴ ነካ። እትዬ ሦስት መልእክት ደርሷቸው ሦስት ክፍል አስጠርገው፣ ሌሎች እንግዶችን መልሰው በር ላይ ጠበቁ። አስተማሪው ብቻውን ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ። "ሁለቱስ?" ቢሉት "የትኞቹ ሁለቱ?" አላቸው።

እትዬ ሱቃችን ድረስ መጡ። ዮሴፍ "ኔትወርክ ነው" አለ።

"አንተ ልጅ፣ ጂንካ ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ እንጂ ሲተርፍ አይቼ አላውቅም!" ብለው ደብተሩን ከነጠላቸው ሥር አወጡ።

የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ። የእትዬን ስልክ ተቀበለ፣ አጠፋው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እስከ ሃምሳ ቆጠረና አበራው። ከዚያ ገጹን እንደ አዲስ ከፍቶ ቁልፉን ነካ። አንድ መልእክት ብቻ መጣ! እትዬ "ተባረክ፣ መማር እንዲህ ነው!" አሉት፤ ደብተሩም ወደ ነጠላው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ የከተማው የማሽን ሐኪም ነው። ፕሪንተር ወረቀት ቢነክስ እንኳ አጥፍቶ ሃምሳ ይቆጥራል። "አርባ ላይ ካቆማችሁ አይሠራም" እያለ ሌሎችንም ያስተምራል።

እሱ ከግድግዳው ጋር ሲቆጥር ትርፎቹን ሁለት አድማጮች ከኮምፒውተሩ ሰርዤ የጨረስኩት ሠላሳ ላይ ሳይደርስ እንደነበር ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።