ደመወዝና ተቆጣጣሪ በአንድ መኪና

«መምህራኑን እናንተ ጠራችኋቸው፤ እነሱም ወረዱ። ከዚያ እናንተው መጣችሁና ‹የሉም› ብላችሁ ጻፋችሁ። ምነው ልጄ?»

ይህን የሚሉኝ አያ መኳንንት ናቸው፤ ከአዲ አርቃይ በላይ ያለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ። በጭነት መኪና፣ በጤፍ ኩንታል ላይ ተቀምጠው ሊማሊሞን ወጥተው ጎንደር የገቡት ትናንት ነው። እኔ ደግሞ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ነኝ። ጠረጴዛዬ በሩ ሥር ስለሆነ የሕዝብ ብሶት መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ብርዱም እንደዚሁ።

«ይቀመጡ እስቲ፣ አያ መኳንንት።»

«መቀመጡስ ሸጋ ነበር። ዝናቡ አይቀመጥልኝም እንጂ።»

ዱሮ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። ንጉሡ ወረዱ። ሰማዩ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ጦም አዳሪ ነው። ውሳኔ የሚባለው ነገር ከየት ይመጣል ብትሉኝ፣ ከላይ ነው አልላችሁም። ከጎን ነው የሚመጣው። ከጽሕፈት ቤታችን ክፍል ቁጥር ሦስት። ከክፍል ቁጥር አምስት። በሁለቱ መካከል አንድ ግድግዳ አለ፤ ግድግዳው በር የለውም። የሁለቱንም ውሳኔ የምታየው አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም የተቀጠረችው እንድትጽፍ እንጂ እንድታስብ አይደለም።

መጀመሪያ የጻፍኩት የክፍል ሦስትን ነው። ቀድሞ የዚያች ትምህርት ቤት አራት መምህራን በየወሩ ተራ እየገቡ አንዳቸውን ይወክላሉ፤ እሱ አዲ አርቃይ ወርዶ የሁሉንም ደመወዝ ተቀብሎ ይመለሳል፤ ሦስቱ ያስተምራሉ። ታዲያ የሆነ ቦታ፣ ሥራውን ትቶ የሄደ አንድ መምህር በወኪል ደመወዝ ሲበላ ከረመ ተባለ። ስለዚህ ተወሰነ፦ ከእንግዲህ ማንኛውም መምህር ወር በገባ በሠላሳ በአካል ቀርቦ፣ ፈርሞ ይቀበል፤ ያልቀረበ ደመወዙ ለመንግሥት ተመላሽ ይሁን። አንዱ በበላው ሁሉም ይራመድ ዓይነት ነው።

ቀጥሎ የክፍል አምስት መጣ። መምህራን በሥራ ላይ መሆናቸውን ተቆጣጣሪ ዞሮ ይይ። መቼ? መኪና ሲገኝ። መኪና መቼ ይገኛል? ያለችን አንዲት ናት፤ ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ወደ አዲ አርቃይ የምትወርደውም ገንዘብ ያዡን ይዛ፣ በሠላሳ። ተቆጣጣሪውም አብሮ ይሳፈር ተባለ። ቁጠባ ነዋ! ሁለቱንም በካርቦን አምስት አምስት ቅጂ አወጣሁ፤ ከግርጌ «ኢትዮጵያ ትቅደም» አልኩ። ማን እንደሚከተል አይጻፍም።

እውነቱን ልንገራችሁ? ሁለቱ ሠላሳዎች ሲጋጩ አይቼ ነበር። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

ሚያዝያ ሠላሳ ቀን የሆነውን አያ መኳንንት እንደቆሙ ተረኩልኝ። ተቆጣጣሪው አዲ አርቃይ ከመኪናው ወርዶ በቅሎ ተከራይቶ ሽቅብ ይወጣል። አራቱ መምህራን ቁልቁል ይወርዳሉ። ወንዙ ላይ ተገናኙ። ኮፍያ ተነሣ፤ ጤና ይስጥልኝ ተባባሉ።

«ወዴት ናችሁ?»

«ደመወዝ ልንቀበል። እርስዎስ?»

«እናንተን ልጎበኝ።»

«እንግዲያ ቁልፉን ይዘውት ይውጡ።»

ቁልፉን ሰጡት! መምህራኑ ጨዋ ናቸው፤ እንግዳ ደጅ አይቆምም። እሱም ጨዋ ነው፤ አመስግኖ ተቀበለ። ወጣ፤ ከፈተ፤ ባዶ አግዳሚዎቹን አየ፤ ቅጹን ሞላ። ቅጹ «መምህራን አሉ» ወይም «የሉም» ይላል። «ወንዝ ላይ አሉ» የሚል ቦታ የለውም። ከዚያ ቆልፎ ቁልፉን ለአያ መኳንንት አስረክቦ፣ አስፈርሞ ወረደ።

በሳምንቱ ሦስተኛውን ውሳኔ ጻፍኩ፦ መምህራን ያልተገኙበት ትምህርት ቤት የተፈቀደለት ቆርቆሮ ለሌላ ይሰጥ።

ገበሬዎቹ ለአምስተኛ ክፍል የሚሆን ቤት በገዛ እጃቸው ሠርተዋል። እንጨቱን ተሸክመው፣ ማገሩን መትተው፣ ጭቃውን ረግጠው መርገዋል። የቀረው ክዳኑ ነው። አሁን ግንቦት ነው፤ ከፊት ሰኔ አለ። ዝም አይነቅዝ ይሆናል፤ ክዳን የሌለው የጭቃ ግድግዳ ግን ይናዳል።

«አንድ ክረምት ከመታው አለቀ» አሉ አያ መኳንንት። «ሰው ሁለተኛ ጭቃ አይረግጥልኝም። ልጆቹም ከአራተኛ ክፍል ቀጥታ ወደ ሞፈር ናቸው።»

ወደ ኃላፊው አስገባኋቸው። ኃላፊያችን ደግ ሰው ናቸው። ሦስቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን ሲያዩ ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ።

«ስሕተት ነው» አሉ።

«ተመስገን፣ ጓድ ጌታዬ!»

«ግን ውሳኔ ዝም ብሎ አይሻርም። እንደገና ይጣራል። ተቆጣጣሪው ተመልሶ ሄዶ ይይ።»

«መቼ?»

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ መስኮቱ። መኪናችን አንድ ጎማዋ ወልቆ ግቢ ውስጥ ቆማለች።

«በሠላሳ» አልኩ።

 መምህራኑ ትምህርት ቤት ከዋሉ ደመወዛቸው ይቀራል፤ ደመወዝ ከተቀበሉ ቆርቆሮው ይቀራል። አያ መኳንንት ዱላቸውን ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ መቱ።

«ማኪናዪቱ አዲ አርቃይ የምትቆመው የት ነው፣ ልጄ?»

«ገንዘብ ያዡ የሚከፍልበት ግቢ፣ ዛፉ ሥር።»

«ሸጋ» አሉና ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። ሸጋው ምኑ እንደሆነ አልገባኝም።

ግንቦት አለቀ። ሰኔ በገባ በሁለተኛው ቀን ተቆጣጣሪው ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። እጅጌው ጠመኔ በጠመኔ ሆኗል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አስተምሬ።»

በሠላሳ መኪናዋ አዲ አርቃይ ካለው ግቢ ስትገባ ትምህርት ቤቱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ጠበቃቸው። ተማሪው በየክፍሉ መሬት ላይ ተቀምጦ ይጮሃል። ጥቁር ሰሌዳው በአህያ ተጭኖ መጥቶ ዛፉን ተደግፏል። አንዱ መምህር ሊፈርም ሲነሣ ጎረቤቱ ሁለት ክፍል ይይዛል። ወላጆች ከኋላ ቆሎ ያዞራሉ። አያ መኳንንትም ተቆጣጣሪውን ከመኪናው ሳይወርድ ተቀብለው፣ ጠመኔ አስጨብጠው፣ ሦስተኛ ክፍል ፊት አቆሙት።

«እምቢ አትልም ነበር?»

«‹እንግዳ ደጅ አይቆምም› አሉኝ።»

ቅጹን አየሁት። «አሉ» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል። ሮጬ ገባሁ። ኃላፊው አነበቡ፤ «ቆርቆሮው ዛሬውኑ ይላክላቸው» ብለው ፈረሙ። ውጭ ማካፋት ጀምሯል። ወረቀቱን ደረቴ ላይ ይዤ ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ቆዪ እስቲ፣ ጓድ። ይህ እኮ አርአያ የሚሆን አሠራር ነው! ደመወዝ ይከፈላል፤ ቁጥጥር ይካሄዳል፤ ቤንዚን ይቆጠባል።» ብዕራቸውን አነሡ። «ለሁሉም ትምህርት ቤቶች፣ ወር በገባ በሠላሳ፣ ከነተማሪዎቻቸው...»

አፌን ከፈትኩ።

«በሩን ዝጊውና ጻፊ።»

ዘጋሁት።