ሦስት እስክሪብቶ፣ አንድ ክሊራንስ

የሥራ አመልካቾችን ወረቀት ለመቀነስ የተቋቋመው ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ቦንጋ፣ የጽሕፈት ቤታችን ትንሹ አዳራሽ (የትልቁ ቁልፍ ስላልተገኘ)
የተጀመረበት ሰዓት፦ 8፡00 ተብሎ 9፡10

የተገኙ
1. አቶ ፈለቀ፣ ምክትል ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ፍቃዱ፣ የሰው ሀብት፣ አባል
3. ወ/ሮ የሻረግ፣ ንብረት ክፍል፣ አባል
4. አቶ ሰላሐዲን፣ ፋይናንስ፣ አባል
5. ወ/ሪት በዛወርቅ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ

ያልተገኙ
1. አቶ ዋለ፣ የሕግ ባለሙያ፣ ዋጫ ከተማ ለቅሶ ሄደው፣ በፈቃድ
2. አቶ ዓለሙ፣ አምና ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውረዋል፤ ስማቸው ግን ከኮሚቴው አልተዛወረም

ምልዓተ ጉባኤው አምስት አባላት ሲሆን የተገኙት አራት ናቸው። ሰብሳቢው ዙሪያውን ከተመለከቱ በኋላ ቃለ ጉባኤ ያዧም ወንበር ላይ የተቀመጠች ሰው ስለሆነች እንድትቆጠር አሳስበዋል። ተቆጥራለች። ስብሰባው ተጀምሯል።

አጀንዳ 1፦ አመልካቾች የሚጠየቁትን ወረቀት ስለ መቀነስ

ሰብሳቢው ሥራ ፈላጊው ወረቀት ሲሰበስብ ጫማ እየጨረሰ መሆኑን፣ ኮሚቴው ዛሬ ሳይቀንስ እንደማይነሣ በመግለጽ ውይይቱን ከፍተዋል።

አቶ ሰላሐዲን ዲግሪ ያለው ሰው የስምንተኛ ክፍል ካርድ ለምን እንደሚጠየቅ እንዲብራራላቸው ጠይቀዋል። አቶ ፍቃዱ ሲመልሱ፣ ዲግሪ መያዝ ስምንተኛን ማለፍ ማለት እንዳልሆነ፣ በሥራ ዘመናቸው ብዙ ማየታቸውን ገልጸዋል። አቶ ሰላሐዲን ይህ እሳቸውን ለመንካት የተነገረ እንደሆነ ጠይቀው፣ አቶ ፍቃዱም የተነካ ሰው ካርዱን ማምጣት እንደሚችል አስታውቀዋል። ሰብሳቢው ሁለቱም ውሃ እንዲጠጡ አዘዋል። ውሃ አልነበረም።

ወ/ሮ የሻረግ አመልካች የሚያቀርበው ስድስት ፎቶግራፍ የት እንደሚገባ ጠይቀዋል። አንዱ ፋይሉ ላይ እንደሚለጠፍ፣ የቀሩት አምስቱ በካርቶን እንደሚቀመጡ ከአቶ ፍቃዱ ተገልጿል። ካርቶኑ ምን እንደሚሠራ ሲጠየቁም ካርቶኑ ሞልቶ ሌላ ካርቶን መጠየቃቸውን አስረድተዋል።

በዚህ ጊዜ ከባድ ዝናብ ቆርቆሮውን ስለመታው ማንም ማንንም አልሰማም። የሚከተሉት ውሳኔዎች ዝናቡ እየዘነበ በሙሉ ድምፅ አልፈዋል።

ሀ. ፎቶግራፍ ከስድስት ወደ አራት እንዲቀንስ።
ለ. የስምንተኛ ክፍል ካርድ እንዲቀር፣ በምትኩ ካርዱ መቅረቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ እንዲጻፍ።
ሐ. ወረቀት መቀነሱን አመልካቹ አውቆ ስለ መፈረሙ ቅጽ ተዘጋጅቶ በሦስት ኮፒ እንዲሞላ።

ሰብሳቢው ኮሚቴውን እንኳን ደስ ያለን ብለዋል። ቃለ ጉባኤ ያዧ ግን ደስ አላላትም፤ ቅጹን የምትተይበው እሷ ናት።

አጀንዳ 2፦ በሩ በመንኳኳቱ ድንገት የተያዘ

10፡15 ላይ በሩ ተንኳክቷል። ሰብሳቢው በሩ ላይ «ስብሰባ ላይ ነን» የሚል ጽሑፍ መለጠፉን ከውስጥ ሆነው አሳውቀዋል። ያንኳኳችው ሰው ጽሑፉን ማንበቧን፣ ከሰኞ ጀምራ ስታነበው መክረሟን ከውጭ ሆና አሳውቃለች።

እንድትገባ ይፈቀድላት አይፈቀድላት በሚለው ላይ ረጅም ውይይት ተደርጓል። አቶ ፍቃዱ የመግቢያ ማመልከቻ እንድትጽፍ ሐሳብ አቅርበዋል። ወ/ሮ የሻረግ ኮሚቴው የተሰበሰበው ወረቀት ለመቀነስ መሆኑን ሲያስታውሱ፣ ማመልከቻው አጭር እንዲሆን ተሻሽሎ ቀርቧል። ሐሳቡ ድምፅ ሊሰጥበት ሲል አመልካቿ በሩን ከፍታ ገብታለች።

አመልካቿ ወ/ሪት ናዝራዊት ትባላለች። ደካ በሚገኘው ቅርንጫፋችን መዝገብ ቤት ሦስት ዓመት በኮንትራት ሠርታለች። አሁን ያንኑ ሥራ፣ በዚያው ወንበር፣ በቋሚነት ለመያዝ እየተወዳደረች ነው። ለዚህም የመሥሪያ ቤታችን ዕዳ የሌለባት ስለ መሆኑ ከመሥሪያ ቤታችን ለመሥሪያ ቤታችን ክሊራንስ እንድታመጣ ተጠይቃለች። ምዝገባው ዛሬ 11፡00 ሰዓት ይዘጋል፤ መስኮቱም ያለው ገበያው አጠገብ ባለው ሌላው ሕንጻ ነው። ከዛሬ ካለፈ ወንበሩ የሌላ ሰው ይሆናል፤ ኮንትራቷም በወሩ መጨረሻ ያበቃል።

ክሊራንሱ ለምን እንዳልተፈረመላት ተጠይቆ የሚከተለው ተብራርቷል። ወ/ሮ የሻረግ ፋይናንስ ሳይፈርም አይፈርሙም። አቶ ሰላሐዲን የሰው ሀብት ሳይፈርም አይፈርሙም። አቶ ፍቃዱ ንብረት ክፍል ሳይፈርም አይፈርሙም። አሠራሩ ሦስቱንም ክፍሎች ከተጠያቂነት የሚያድን ስለሆነ እስከዛሬ ቅሬታ ቀርቦበት አያውቅም። ቅሬታ ለማቅረብም ክሊራንስ ያስፈልጋል።

አመልካቿ ሦስቱንም ተራ በተራ ካየች በኋላ የተናገረችው ቃል በቃል እንዲያዝ ተደርጓል።

«እኔ እኮ አንዳችሁን ሳገኝ ሌላችሁን እያጣሁ ነው እዚህ የከረምኩት። ለካ አንድ ጠረጴዛ ላይ ናችሁ። ጋሽ ፈለቀ፣ ማን እንደሚቀድም ብቻ ይንገሩኝና ልቀመጥ።»

ማን ይቅደም በሚለው ላይ ረጅም ውይይት ተደርጓል። አቶ ፍቃዱ ቀድሞ የፈረመ ሰው ኋላ ብቻውን እንደሚጠየቅ አስረድተዋል። አቶ ሰላሐዲን ዕጣ ይጣል ብለዋል። ወ/ሮ የሻረግ ልጅቷን ቀና ብለው ሲያዩ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ እስክሪብቷቸውን ግን አልከፈቱም። ሰዓቱ 10፡35 ሆኗል።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ሦስቱም በአንድ ጊዜ ቢፈርሙ ቀዳሚ እንደማይኖር ገልጸዋል። ሕገ ወጥ ነው የሚል አልተገኘም፤ ይህን የሚያውቁት አቶ ዋለ ለቅሶ ላይ ናቸው።

ወረቀቱ ጠረጴዛው መሐል ተደርጎ ሦስቱ አባላት ከሦስት አቅጣጫ ጎንበስ ብለዋል። ሰብሳቢው «አንድ፣ ሁለት» ሲሉ አቶ ሰላሐዲን ቀድመው ወረቀቱን ሊነኩ ስለነበር እንደገና ተጀምሯል። «ሦስት» ላይ ሦስቱም ፈርመዋል። የአቶ ፍቃዱ እስክሪብቶ የወ/ሮ የሻረግን ነጠላ በቀለም ነክቷል፤ ፊርማዎቹም በከፊል ተደራርበዋል። ሰብሳቢው ማኅተም አድርገውበታል።

አመልካቿ ሁሉንም አመስግና፣ ወ/ሮ የሻረግን አቅፋ፣ የቃለ ጉባኤ ያዧን ስልክ ቁጥር ተቀብላ እየሮጠች ወጥታለች። ባጃጅ ስትጠራ ድምፅዋ እስከ አዳራሹ ተሰምቷል። ጉባኤው አጨብጭቧል። ቃለ ጉባኤ ያዧም አጨብጭባለች፤ በዚህ ምክንያት አንድ ደቂቃ ያህል አልተመዘገበም።

አጀንዳ 3፦ ከዋጫ ስለ መጣ ስልክ

11፡05 ላይ አቶ ዋለ ደውለዋል። ሰብሳቢው የዛሬውን ውጤት በደስታ ሲነግሯቸው አቶ ዋለ ማን ማን እንደተገኘ ጠይቀዋል። ከተነገራቸው በኋላ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ድምፅ እንደሌላት፣ ስለዚህ ምልዓተ ጉባኤው እንዳልተሟላ፣ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ አስረድተው ወደ ለቅሶው ተመልሰዋል።

በዚሁ ሰዓት «ተመዝግቤያለሁ፣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው» የሚል መልእክት ለቃለ ጉባኤ ያዧ ደርሷል። አጀንዳ ስላልሆነ ለጉባኤው አልቀረበም።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል።

ሀ. ዛሬ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ፎቶግራፍ ወደ ስድስት፣ የስምንተኛ ክፍል ካርድም ወደ ቦታው ይመለስ።
ለ. የወ/ሪት ናዝራዊት ክሊራንስ መሻሩ ለምዝገባ መስኮቱ በደብዳቤ ይገለጽ። ደብዳቤው ክብደት እንዲኖረው የሦስቱም ክፍሎች ፊርማ ይኑርበት።

ደብዳቤው ወዲያው ተተይቦ ቀርቧል። ወ/ሮ የሻረግ ፋይናንስ ሳይፈርም እንደማይፈርሙ፣ አቶ ሰላሐዲን የሰው ሀብት ሳይፈርም እንደማይፈርሙ፣ አቶ ፍቃዱም ንብረት ክፍል ሳይፈርም እንደማይፈርሙ ገልጸዋል። ሰብሳቢው በአንድ ጊዜ ይፈረም እንዳይሉ ያ አሠራር በተራ ሀ ተሽሯል።

ስብሰባው 11፡40 ላይ ተበትኗል። ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ፊርማ እየጠበቅሁ ነው፤ አልቸኩልም።

በዛወርቅ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ (ያልተቆጠረች)